የድሮ አውሮፕላን ንድፍ በሣጥን ላስቀመጣችሁ ሁሉ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከኮምቦልቻ

ይድረስ ጡረታ ለወጣችሁ የአውሮፕላን መካኒኮችና ለልጆቻችሁ፤ ለቤተ መዛግብትና ለሙዚየም ሠራተኞች፤ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን፤ እንዲሁም አልጋው ሥር የቆየ ወረቀት ላለው ሰው ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ። አሰላሙ አለይኩም። የወሎ ልጅ ነኝና ሁለቱንም ብያለሁ።

እኔ የቤት ዕቃ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቁም ሣጥንና አልጋ እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ወርክሾፑ ሌላ ሥራ አለው። ከአልጋ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ እንሰበስብና እኔና አራት አምስት የሰፈር ልጆች አውሮፕላን እንጠርባለን።

አይበርም። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ወርክሾፑ በር ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሞተር የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ ውስጡም ባዶ አይደለም። ድፍን እንጨት ነው። ቁም ነገሩ ልኩ ላይ ነው። ትክክለኛው አውሮፕላን ተለክቶ፣ በ72 ተካፍሎ፣ በእንጨት ይወጣል። 72 ሜትር የነበረው 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ ለእኛ ግራ ቢመስልም ምንጩ ቀላል ነው፦ በእንግሊዞች ልኬት 1 ኢንች ለ6 ጫማ ነው። እንግሊዝ አገር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዚህ መጠን የእንጨት ሞዴል በፓኬት ይሸጥ ነበር። ልማዱ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ልጆቹ አሉ። እንጨቱ አለ። ቢላውም፣ ሞረዱም፣ ብርጭቆ ወረቀቱም አለ። የሌለን ንድፍ ነው። ንድፉ ደግሞ የትም ሳይሆን እናንተ ጋ ነው።

«ፎቶ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ከዚያ ሐሳብ ያወጣችኝ ፀሐይ ናት።

የፀሐይን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጀርመናዊው ኢንጂነር ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አቃቂ ላይ የሠራት አውሮፕላን ናት። ስሟ የተወሰደው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። የበረረችው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም ገደማ ነው፤ ጣልያን ሰሜኑን ይዞ ሲገፋ። ከዚያ ወራሪው አዲስ አበባ ሲገባ ተማርካ ሄደች። ጣልያን አገር ሙዚየም ውስጥ አስርት ዓመታት ቆማ በጥር 2016 ዓ.ም ተመለሰች።

ዜናውን የሰማን ሳምንት ቅዳሜ ልጆቹ ሌላ ነገር አንሠራም አሉ። ከስልክ ላይ ሦስት ፎቶ አወረድን። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን አሳተምን። በማስመሪያ ለካን። በአራት ቅዳሜ ጨረስናት። ቀለም ቀባናት። አንዱ ልጅ አቅፏት ቤቱ ይዞ ሄደ፤ አልከለከልኩትም።

በኋላ ለሥራ አዲስ አበባ ወጣሁና ፀሐይን በዓይኔ አየኋት። ቆሜ ቀረሁ። ያየኋት አውሮፕላን እኛ ከሠራናት ጋር ዝምድና ብቻ ነው ያላት፤ የአክስት ልጅ ብትሉ ይቀላል። የእኛ አፍንጫዋ ወፍሯል። ጅራቷ አጥሯል። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። ፎቶው የተነሳው ከፊት ለፊት ከቅርብ ነው። ለካሜራው የቀረበው አፍንጫ ይገዝፋል፣ የራቀው ጅራት ይጠባል። ሰው እጁን ወደ ካሜራ ዘርግቶ ሲነሳ መዳፉ ከፊቱ የሚበልጠው በዚሁ ነው። እኛ ያንን በማስመሪያ እየለካን ነበር።

ንድፍ ይህ ችግር የለበትም። ጥሩ የአውሮፕላን ንድፍ ከሦስት በኩል ያሳያል፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት። በየትኛውም በኩል ቅርብና ሩቅ የሚባል የለም። ጅራቱም አፍንጫውም በአንድ ልክ ይቀመጣል። ከሦስቱ በላይ ግን ለእንጨት ጠራቢ ወርቁ አራተኛው ነው። መስቀለኛ ቁርጡ። ካሮት በቢላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆራርጣችሁ እያንዳንዱን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ በተራ ብትደረድሩ፣ የት ላይ እንደሚወፍር፣ የት ላይ እንደሚቀጥን፣ ክብ ይሁን ሞላላ ታያላችሁ። የአውሮፕላን አካልም እንደዚያ ተቆራርጦ ይሳላል። በእያንዳንዱ ቁርጥ ላይ ቁጥር አለ፤ ከአፍንጫው ያለው ርቀት ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ለምን እንደምለምን ይገባችኋል። መጀመሪያ አራት ማዕዘን ግንድ እናዘጋጃለን። ከላይ የሚታየውን ቅርጽ በግንዱ ጀርባ ላይ እንለጥፋለን፣ ከጎን የሚታየውን በጎኑ ላይ። በመጋዝ ሁለቱን እንቆርጣለን። የሚወጣው ነገር ከላይም ከጎንም ሲያዩት አውሮፕላን ነው፤ ከፊት ሲያዩት ግን ሳጥን ነው። ልጆቹ «አራት ማዕዘን ዓሣ» ይሉታል። ዓሣውን ማዕዘኑን መግፈፍ ነው እንግዲህ ሥራው። ከመስቀለኛ ቁርጡ ላይ በካርቶን ፎርማ እናወጣለን፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ። ትንሽ ጠርቦ ፎርማውን ማስጠጋት፣ ብርሃን የሚገባበትን ማየት፣ እንደገና መጥረብ። ፎርማው ሲገጥም ያ ቦታ አለቀ። ወደሚቀጥለው ቁጥር። በመጨረሻ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት።

መስቀለኛ ቁርጥ ከሌለ ግን ፎርማ የለም። ፎርማ ከሌለ ልጁ በግምት ይጠርባል። የገመተውን ደግሞ መልሶ መለጠፍ አይችልም። እንጨት አንዴ ከተጠረበ ተጠረበ።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ልበል፤ ከርዕሴ ብወጣም ዝም ማለት አልችልም። ውጭ አገር ባልሳ የሚባል ላባ የሆነ እንጨት አላቸው። እኛ ጋ ዋንዛ ይበልጥብኛል። ከበድ ይላል፤ ግን አይሰነጠቅም፣ ለቢላ ይታዘዛል፣ ሲለሰልስ ቆዳ ይመስላል። ዝግባም ቀጥ ያለ ነው። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፤ ጉጡ ግን ያበሳጫል፤ ክንፍ ላይ ጉጥ ከገጠመ ዕለቱ ተበላሸ። ባሕር ዛፍን ተዉት። ዛሬ ቀጥ ያለው ነገ ይጣመማል። አንድ ጊዜ በባሕር ዛፍ ክንፍ ሠርተን ክረምት ሲገባ ወደ ላይ ተጠምዝዞ አገኘነው። ልጆቹ «መዞር ጀምሯል» ብለው ሳቁብኝ።

እሺ። ንድፉ የት ነው ያለው? ከፀሐይ በኋላ ያወቅሁትን ልንገራችሁ።

ደሴ ላይ አንድ ጡረተኛ መካኒክ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ፈቃዳቸውን አልጠየቅሁም። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቁም ሣጥን ሊያሠሩ መጥተው ግድግዳ ላይ የሰቀልነውን የዳኮታ አውሮፕላን ሞዴል አዩ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ክንፉን በአውራ ጣታቸው ነኩና «ይሄ ልክ አይደለም» አሉ።

ልክ አልነበረም። የዳኮታ ክንፍ መሃሉ፣ ሞተሮቹ የሚቀመጡበት፣ ሜዳ ነው። ወደ ላይ መነሳት የሚጀምረው ከሞተሩ ወዲያ ባለው ክፍል ነው። የፊት ጠርዙ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የኋላው ጠርዝ ግን ቀጥ ሊል ምንም አይቀረው። እኛ ከመሃል ጀምረን እንደ ወፍ አነሳነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት፣ በእጃቸው አየር ላይ እየሳሉ ነገሩኝ። በሳምንቱ ሣጥን አስከፍተው የዳኮታ የጥገና መመሪያ አወጡ። ቅባት ነክቶታል። ገጾቹ ተገንጥለዋል። ግን አንድ ገጽ ላይ የአውሮፕላኑ አካል ከአፍንጫ እስከ ጅራት ተሰምሮ፣ እያንዳንዱ ቁርጥ በኢንች ቁጥር ተጽፎበታል። እኔ ለዓመታት የፈለግሁት ገጽ። ከወርክሾፔ የሃያ አምስት ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢ ሥር።

ዳኮታ ለምን ያን ያህል ይገደኛል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ አውሮፕላኖች ናቸዋ። አምስት ነበሩ፣ ከጦርነት የተረፉ፣ ሲ 47 የሚባሉት የጦር ዳኮታዎች። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአሥመራ በኩል ካይሮ ድረስ የበረሩት እነሱ ናቸው። ከዚያም አስፋልት በሌለው ሜዳ ሁሉ እያረፉ ክፍለ ሀገሩን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኙ ናቸው። ጋሼ ሲያወሩ ስለ ሰው ነው የሚያወሩ የሚመስለው። ያንዱ ሞተር ቅባት ይተፋ ነበር፣ ያንዱ በር አይዘጋም ነበር። ይህ ወሬ መጽሐፍ ላይ የለም።

መመሪያውን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ጋሼ አመኑኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። እዚህ ጋ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሠራሁ፤ ይህኛው የራሴ ነው። ክንፉን አንድ ቤት አሳተምኩ፣ መብራት ሄደ፣ አካሉን በነጋታው ሌላ ቤት አሳተምኩ። ሁለተኛው ማሽን ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት በራሱ ጊዜ አሳንሶታል። 3 በመቶ ብቻ። ዓይን አያየውም። የዳኮታ ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ነው፤ በ72 ሲካፈል 40 ሳንቲሜትር። 3 በመቶ ስህተት በሞዴሉ ላይ 12 ሚሊሜትር ነው፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ደግሞ ወደ 87 ሳንቲሜትር። ክንፉን ከአካሉ ጋር ስናገጣጥም ነገሩ ትልቅ ሰው የልጅ ኮት የለበሰ መሰለ። አራት ቅዳሜ ገደል ገባ።

ስለዚህ ንድፍ ስታጋሩ አንድ ነገር ብቻ ለምኜ ላስቸግራችሁ፦ ከወረቀቱ ጎን ማስመሪያ አስቀምጡ። ስካን ስታደርጉም፣ በስልክ ፎቶ ስታነሱም። ማስመሪያው ሥዕሉ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ማሽኑ ቢያሳንሰው፣ ስልኩ ቢያስረዝመው፣ ማስመሪያው ምስክር ነው። 10 ሳንቲሜትር የሚለው 10 ሳንቲሜትር ካልሆነ ስንት እንደተበላ አውቄ እመልሰዋለሁ። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርጉና ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ፤ ከጎን ሆናችሁ አይሁን፤ ያ የፀሐይን አፍንጫ መልሶ ያመጣብናል። ስካነር ካላችሁ 300 ነጥብ በኢንች ይበቃል። በዚያ ልክ አንዷ ነጥብ በ1/72 ንድፍ ላይ ከእውነተኛው አውሮፕላን 6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው የምትይዘው። የእርሳሱ መስመር ራሱ ከዚያ ይወፍራል።

ኅዳጉንም አትቁረጡት። ሰዎች ሥዕሉ እንዲያምር ብለው ጠርዙን ይከረክማሉ። ጠርዙ ላይ ነው ስንት ለስንት እንደተሳለ የተጻፈው። የሣለው ሰው ስምም እዚያው ነው። የፈረንሳይና የጣልያን ንድፍ ብዙ ጊዜ 1 ለ50 ወይም 1 ለ100 ይመጣል። ከ50 ወደ 72 ለመለወጥ ወደ 69.4 በመቶ ማሳነስ ነው። ቀላል ሒሳብ ነው፤ ግን የተነሳበት ቁጥር ከተቆረጠ ሒሳብ የለም።

አሁን ትንሽ ከበድ ወዳለው ልምጣ።

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኔም እንደ ብዙው ሰው ቤቴን ቆልፌ ወጣሁ። ስመለስ ቁልፉ የለም፣ በሩም የለም። ስለ ዕቃው አላወራም፤ ከእኔ የባሰ የደረሰበት አለ፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ለሃያ ዓመት ያጠራቀምኩት የንድፍ ማኅደር ነበረኝ። ከጋዜጣ የተቆረጠ፣ ከውጭ የመጣ ሰው የሰጠኝ፣ በእጄ የገለበጥሁት። ወረቀቱ ግቢ ውስጥ ተበትኖ፣ ዝናብ በልቶት፣ ግማሹ እሳት ማቀጣጠያ ሆኖ አገኘሁት። አልፈርድም። ለበረደው ሰው ወረቀት ወረቀት ነው።

ከዚያ ማኅደር የተረፈኝ ዘጠኝ ሉክ ነው። የተረፈው ለምን መሰላችሁ? አንድ ተማሪ ከዓመት በፊት «ላንሳው?» ብሎኝ በስልኩ አንስቶት ስለነበር ነው። ልጁ ባሕር ዳር ነበር። መልሶ ላከልኝ። ያኔ ሲጠይቀኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አላለኝም ነበር። «ይሄ ሁሉ ልፋቴን በአንድ ደቂቃ ወሰደው» ብዬ ነበር በሆዴ። ዘጠኙ ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። ዘጠኝ ካነሳ በኋላ «በቃ ይበቃሃል» አልኩት።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሌሎቹን አንድ መቶ ምናምን ሉክ የበላው ዝናብ ብቻ አይደለም። እኔም ነኝ።

እንደኔ ያለ ሰው ብዙ እንዳለ አውቃለሁ። በእኛ ሙያ ንድፍ የያዘ ሰው ይደብቃል። «ሰጥቼው ነገ ሸጠው» ይላል። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የሰውን ንድፍ ስሙን ፍቆ በራሱ ስም የሚያዞር አለ። ለዚህም ነው ስሙ አይቆረጥ ያልኩት። ሕጉም አለ። የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪውን መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ጠይቁት። ልጆቹ ካሉ ጠይቋቸው። እኔ እስካሁን ለልጆች መማሪያ ነው ተብሎ እምቢ ያለ ባለቤት አልገጠመኝም። እምቢ የሚለው ባለቤቱ ሳይሆን ቁልፉን የያዘው ነው።

ስለ ቁልፍ ያዥ አንድ ገጠመኝ አለኝ። ቢሮውን አልናገርም። አሮጌ የአውሮፕላን ወረቀት አላቸው ሲባል ሰምቼ ሄድሁ። መጀመሪያ «ለምን ፈለግኸው?» ተባልኩ። ልጆች በእንጨት ሊሠሩት ነው አልኩ። «ደብዳቤ አምጣ።» ከማን? «ከሚመለከተው አካል።» የሚመለከተው አካል ማን ነው? «እሱን አንተ ነህ የምታውቀው።» ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። በሦስተኛው አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአውሮፕላን ነገር እኮ ደህንነት ነው» አለኝ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ወንድሜ፣ ይህ አውሮፕላን ከተሠራ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከሸራና ከእንጨት ነው የተሠራው፣ አይጥ እንኳ ትደፍረዋለች አልኩት። ሳቀ። ወረቀቱን ግን አልሰጠኝም።

በመጠንቀቃቸው አልቀየምም። ዛሬ የሚሠራ አየር ማረፊያ፣ ዛሬ የሚበር አውሮፕላን ሌላ ነገር ነው። እኔ የኮምቦልቻን አየር ማረፊያ አጥር ተጠግቼ ፎቶ ልንሳ አላልኩም፤ ልጆቹንም እንዳያነሱ ነው የማስጠነቅቀው። የምጠይቀው ጡረታ የወጣውን ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም አዲስ አበባ ያረፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ ዛሬ የማን ምስጢር ነው? ከእሱ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የመጣው የጀርመኑ ዩንከርስስ?

የጣልያኑን የጦር አውሮፕላን፣ ካፕሮኒንም እጠይቃለሁ። ይህን ስል ቅር የሚለው እንዳለ አውቃለሁ፤ ቤቴም ውስጥ አለ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማችን ነበሩ፤ መትረየስ ላይ ሆነው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው ይባላል። ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አያቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች። እስክትሞት ድረስ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብላ አታይም ነበር፤ ወደ ቤት ትገባለች። በወጣትነቴ ባለ ሦስት ሞተሩን ካፕሮኒ 133 በእንጨት ጀምሬ ነበር፤ በዚያ ጦርነት አገራችን ላይ ከበረሩት አንዱ ነው። አየችው። «ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። «ከቤቴ አውጣው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። አወጣሁት። ዛሬም ድረስ ሳይጨረስ ወርክሾፕ ተቀምጧል፣ ክንፍ የለውም።

ግን እጨርሰዋለሁ። ምን እንደወደቀባት የማያውቅ ልጅ ምን እንደፈራች አያውቅም። 21 ሜትር ክንፍ ያለው ነገር በጦሳ ተራራ ላይ ብቅ ሲል ምን እንደሚመስል ልጆቹ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ሞዴሉን ከ10 ሜትር ርቀት ብታዩት እውነተኛውን ከ720 ሜትር እንዳያችሁት ነው። በ1934 ዓ.ም፣ በእነሱ 1942፣ አሜሪካኖች ይህንኑ ሒሳብ ተጠቅመው የትምህርት ቤት ልጆቻቸውን ግማሽ ሚሊዮን የእንጨት ሞዴል እንዲሠሩ ጠይቀው ነበር። በ1/72። ወታደሩ የወዳጁን አውሮፕላን ከጠላቱ እንዲለይበት። ንድፉን መንግሥት ራሱ ነው አባዝቶ በየትምህርት ቤቱ የላከው። ያውም የጠላትን ጭምር።

ሌላ የሚገርመኝ ነገር ልጨምር። ደሴ በተደበደበች በ11ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 7፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የዳኮታው ወላጅ ዲሲ 3 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። በዚያው ሰሞን ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ትበር ነበር። ሦስቱም በአንድ ወር ውስጥ። ሦስቱንም በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ልክ፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው የምፈልገው። ፀሐይ ከካፕሮኒው ጎን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ልጅ በዓይኑ ይይ።

ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ።

ጋሼዎቼ፣ መካኒኮቹ፦ ሣጥኑን ክፈቱ። የጥገና መመሪያ፣ የሥልጠና ደብተር፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ በእጃችሁ የጻፋችሁት ልኬት፣ ሁሉም ይጠቅማል። ዋናውን አልወስድም። እቤታችሁ መጥቼ፣ እፊታችሁ ዘርግቼ፣ አንስቼ እመለሳለሁ። ቡና ካፈላችሁልኝ እቆያለሁ። ልጆቻቸውም፦ አባታችሁ ሲያርፉ ወረቀቱን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሰው አሳዩት።

የሙዚየም ሰዎች፦ ፀሐይን ለመለካት አንድ ቀንና አንድ ሜትር በቂ ነው። ጠቅላላ ርዝመቷን ብቻ ሳይሆን አካሏን በየግማሽ ሜትሩ ስፋትና ከፍታ ይለካ፣ ይሳል፣ ለማንም የአገሬው ተማሪ ክፍት ይሁን። ብዙ ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ሊያያት አይችልም። ሉኩን ግን መሐል ሳይንትም ከላላም ያለ ልጅ ሊያገኘው ይችላል።

የዩኒቨርሲቲው መምህራን፦ ትልቅ ወረቀት የሚያትም ፕሎተርና የሥዕል ፕሮግራም የሚያውቁ ተማሪዎች አሏችሁ። ከደብዛዛ ፎቶ ኮፒ ላይ የዳኮታን ቁርጥ በንጹሕ መስመር መልሶ መሣል ለአንድ ተማሪ የሚሆን ሥራ ነው። እኔ እንጨቱን ይዤ እመጣለሁ፤ የተሣለው ትክክል ይሁን አይሁን እንጨቱ በአንድ ቅዳሜ ይነግራችኋል።

የቤተ መዛግብት ሠራተኞች፦ እናንተን የምለምነው ዝርዝሩን ብቻ ነው። ምን እንዳለ የሚናገር አንድ ገጽ። ያለውን ሳያውቅ ማን ይጠይቃል?

በበኩሌ ዘጠኙን ሉክና የጋሼን የዳኮታ ገጽ፣ በእሳቸው ፈቃድ፣ ከነማስመሪያው አዘጋጅቻለሁ። ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሁሉ እጭናለሁ። ብር አልቀበልም። የምቀበለው ሌላ ንድፍ ነው፤ ከሌለም ግድ የለም።

የሚቀጥለው ሥራችን ፖቴዝ 25 ነው። የላይኛው ክንፉ ረጅም፣ የታችኛው አጭር፤ ሁለቱን አውጥተናል። አካሉም ከላይና ከጎን ተቆርጧል፣ አራት ማዕዘን ዓሣ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። መስቀለኛ ቁርጡ ግን የለንም። ልጆቹ በየቅዳሜው እያነሱ ያዩታል። ቢላ እንዳያስነኩት ከልክያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ እንጨት ሠራተኛ
ኮምቦልቻ